ከመሣሪያው ጀርባ ማን አለ? በጽኑ የታመመን ሰው በቤቱ ለሚረዱ ሠራተኞችና ለቤተሰቦች የቴክኖሎጂ አመራረጥ መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ «ሆም ኬር» በሚባለው ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ተነሥተው፣ ካንሰር የያዘው፣ ልቡ የደከመ ወይም ስትሮክ አልጋ ላይ ያዋለው ሰው ቤት ይደርሳሉ፤ አጥበው፣ አልብሰው፣ አጉርሰውና አገላብጠው ይውላሉ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዚህ ሥራ ላይ ሌላ ሥራ ተደርቦበታል፦ ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ፣ ጣት ላይ የሚሰካ መለኪያ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የድረሱልኝ ቁልፍ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካሜራ፣ ሰዓቱ ሲደርስ የሚጮህ የመድኃኒት ሣጥን። ቤተሰብ «የቱን እንግዛ?» ይላል፤ ረዳት ቀጥሮ የሚልከው ኤጀንሲ «ይህን ተጠቀሙ» ይላል፤ ረዳቷ ደግሞ መሃል ቆማ ያላት ሁለት እጅ ብቻ መሆኑን ታስባለች።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ሥራውን ለሚሠሩትና አባት ወይም እናት ቤታቸው ውስጥ ለሚያስታምሙ ልጆች ነው። የምርት ስም አላነሣም። በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት እንዳየሁት መሣሪያ የሚጠቅመው በተሠራበት ፋብሪካ ሳይሆን፣ በተናገረ ጊዜ ሰምቶ የሚመልስለት ሰው ሲኖር ነው።

መስፈርቶቹ

ዋጋው ከመታየቱ በፊት ጥቂት ጥያቄዎች መመለስ አለባቸው። የመጀመሪያው ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት መሣሪያው አንድ ነገር ቢናገር የሚሰማው ማን ነው? የሰማው ሰውስ ምን የማድረግ ሥልጣን አለው? የደም ግፊቱን ቁጥር በኢንተርኔት ወደ ክሊኒክ የሚልክ፣ ነገር ግን ቁጥሩን የሚያይ ነርስ እስከ ሰኞ ጠዋት የሌለው መሣሪያ፣ ቅዳሜ ማታ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ምንም አልሠራለትም፤ እንዲያውም «የሚከታተለን አለ» የሚል ባዶ መተማመን ስለሚያሳድር ሊጎዳ ይችላል።

ሁለተኛው የሥራ ድንበር ነው። የፌዴራሉ ደንብ ለአንድ የቤት ጤና ረዳት ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና የሚጠይቅ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 16ቱ በተቆጣጣሪ ፊት የሚሠሩ የተግባር ሰዓቶች ናቸው። ይህ ሥልጠና የመድኃኒትን መጠን ለመወሰን ወይም ቁጥር አይቶ ሕክምና ለመለወጥ አያበቃም፤ ረዳቷ የምትሠራው ነርሷ በጻፈችው የእንክብካቤ ዕቅድ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ኦክሲጅኑን ከፍ አድርጊው» ወይም «አንድ ክኒን ጨምሪላቸው» ወደሚያሰኝ ውሳኔ የሚገፋ መሣሪያ ቤት ከመግባቱ በፊት፣ ቁጥሩ ስንት ሲሆን ለማን እንደሚደወል በነርሷ እጅ የተጻፈ ወረቀት ሊኖር ይገባል።

ሦስተኛው መሣሪያው ከእጅ ሥራ ላይ የሚቀማው ጊዜ ነው። አራተኛው ቋንቋና ሰዓት አቆጣጠር ሲሆን፣ ቀላል መስሎ ብዙ የሚያጠፋው ይህኛው ስለሆነ ከታች እመለስበታለሁ። አምስተኛው የታማሚው ምስጢር ነው፤ በ1996 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር (በዚህ መመሪያ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) የወጣውና «ሂፓ» የሚባለው ሕግ ኤጀንሲውንና በሥሩ የሚሠሩትን ያስራቸዋል፤ ልጅ ስለ ገዛ እናቱ ለዘመድ ማውራቱን ግን አይከለክልም። ወጪን መጨረሻ ያኖርሁት ሆን ብዬ ነው፤ ቤተሰብ ከኪሱ አውጥቶ የሚገዛው ብዙ ነገር ሲጠየቅ በመድን፣ በሆስፒስ (ሕይወቱ ወደ ማብቂያው ለተቃረበ ሰው የሚሰጥ የማስታገሻ እንክብካቤ) ወይም በኤጀንሲው የሚሸፈን ሆኖ ይገኛል።

የወረቀት ደብተርና የማቀዝቀዣው በር

ስለ ቴክኖሎጂ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ደብተር መጀመሪያ መምጣቱ ሊያስገርም ይችላል፤ ነገር ግን ሌሎቹ ሁሉ የሚለኩት ከእርሱ ጋር ተወዳድረው ነው። ባትሪ አይጨርስም፣ የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ የቀኗ ረዳት ለማታዋ፣ የማታዋ ደግሞ ለነርሷ ያለ ምንም ሥልጠና ያስተላልፉበታል። አምቡላንስ ሲመጣም መጀመሪያ የሚፈለገው በማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈው የመድኃኒት ዝርዝር ነው፤ በሜሪላንድ ደግሞ «ሞልስት» የሚባለውና ታማሚው ስለ ሕይወት ማቆያ ሕክምና የመረጠውን የያዘው የሐኪም ትእዛዝ ከዚያው ጋር ሊገኝ ይገባል። ድክመቱ ግልጽ ነው፤ ከቤቱ ውጭ ያለ ሰው አያነበውም፣ ራሱም ደውሎ አያስጠነቅቅም።

አንድ ነገር በጥብቅ መታየት አለበት። አንዲት የቀን ረዳት በደብተሩ ላይ «በ8 ሰዓት ይውሰዱ» ብላ ጽፋ ወጣች። እርሷ ያሰበችው በአሜሪካኑ አቆጣጠር የጠዋቱን 8 ሰዓት ነበር፤ በማግሥቱ እርሷን ተክተው የዋሉት የታማሚዋ እኅት ግን እንደ አገር ቤቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ብለው አነበቡት። ውሃ የሚያስወጣው ክኒን በስድስት ሰዓት ዘግይቶ ተዋጠ፤ ወይዘሮዋም በዚያ ደካማ ጉልበታቸው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲመላለሱ አመሹ። ከዚያ ወዲህ በምሠራበት ቤት ሁሉ ደብተሩ ሽፋን ላይ «በዚህ ደብተር የሚጻፈው የአሜሪካ ሰዓት ብቻ ነው» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ፤ ከቁጥሩ አጠገብም «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» የሚለው እንዳይቀር አሳስባለሁ። ይህ ጉዳይ የሚጮኸውን የመድኃኒት ሣጥንና የስልክ ማስታወሻንም ይመለከታል።

የመግቢያና መውጫ መመዝገቢያ

በታኅሣሥ 2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ ሜዲኬድ በሚባለው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች በሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን ገንዘብ የሚሰጥ የቤት አገልግሎት በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲረጋገጥ አዝዟል፤ ለግል እንክብካቤ ከጥር 2020፣ ለቤት ጤና አገልግሎት ደግሞ ከጥር 2023 ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን ነበር ቀነ ገደቡ። «ኢ.ቪ.ቪ» የሚባለው ይህ ሥርዓት ስድስት ነገሮችን ይመዘግባል፦ የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ተቀባዩን፣ ሰጪውን፣ ቀኑን፣ ቦታውን፣ እንዲሁም የተጀመረበትንና ያበቃበትን ሰዓት። እዚህ ላይ ምርጫው የኤጀንሲው ወይም የግዛቱ እንጂ የረዳቷ ባይሆንም፣ ከሦስቱ መንገዶች የትኛው እንደሚመች መጠየቅ ይቻላል።

የስልክ መተግበሪያው ፈጣን ነው፤ ቦታን በጂ.ፒ.ኤስ ስለሚያረጋግጥ ግን ምድር ቤት ባለ አፓርታማና ግድግዳው ወፍራም በሆነ ሕንጻ ውስጥ ይሳሳታል። በታማሚው የቤት ስልክ ደውሎ መመዝገብ ስማርት ስልክ ለሌላት ረዳት ይስማማል፤ ችግሩ የቤት መስመር ያለው ቤት እያነሰ መሄዱ ነው። በታማሚው ቤት የሚቀመጥ ኮድ ሰጪ መሣሪያ ኔትወርክ በማይደርስበት ይረዳል፤ ከጠፋ ግን ረዳቷ መሥራቷን የምታስረዳበት የለም።

እኔን ራሴን ይህ ነገር የሁለት ሰዓት ደመወዝ አስቀርቶብኛል። መተግበሪያው ቤት ውስጥ ሳለሁ «ከሥፍራው ወጥተሃል» ብሎ መዝግቦ ኖሮ፣ ኤጀንሲው የቆረጠውን የመለሰልኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ያውም በደብተሩ ላይ ታማሚውን ያገላበጥሁበት ሰዓት ተጽፎና ነርሷ ፈርማበት ስለተገኘ ነው። ስለዚህ ክሎክ ኢን ያደረገ፣ ማለትም መግባቱን ያስመዘገበ ሰው የማረጋገጫውን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ቢያስቀር፣ ስሕተት ካየም በዚያው ቀን በጽሑፍ ቢያሳውቅ ይበጀዋል። ይህ ሁሉ ለክፍያ ነው፤ ለታማሚው የሚያደርገው ነገር እጅግ ጥቂት ስለሆነ እንደ ሕክምና መሣሪያ ሊቆጠር አይገባም።

መልእክት መለዋወጫ

ሦስት አማራጮች አሉ፦ ቀጥታ ስልክ መደወል፣ የኤጀንሲው የተጠበቀ የመልእክት መተግበሪያ፣ እና ሁላችንም እጅ ላይ ያሉት ዋትስአፕ፣ ቫይበርና ቴሌግራም። አስቸኳይ ነገር በጽሑፍ አይላክም፤ ይደወላል። አስቸኳይ ያልሆነ ግን መዝገብ ሊተርፈው የሚገባ ነገር፣ ለምሳሌ በጀርባ ላይ የጀመረ ቁስል ፎቶ፣ በኤጀንሲው መተግበሪያ ይላካል፤ ፎቶው በግል ስልክ የፎቶ ማኅደር ውስጥ ከልጆች ልደት ጋር ተቀላቅሎ መቅረት የለበትም።

የማኅበራዊ መተግበሪያዎቹ ጥቅም አይካድም፤ ቤተሰቡ ሁሉ እዚያው ነው ያለው። ነገር ግን የቴሌግራም ተራ ንግግርም ሆነ ቡድን ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ አይደለም፤ ዋትስአፕ የተመሰጠረ ቢሆንም፣ የጤና መረጃን በሕጉ መሠረት ለመጠበቅ ኤጀንሲው የሚያስፈልገውን ውል ኩባንያው አይፈርምም። መፍትሔው ቡድኑን ቤተሰቡ ራሱ እንዲከፍተውና እንዲመራው፣ ረዳቷ ግን የምርመራ ውጤት፣ የመድኃኒት ስምና ፎቶ እንዳትጽፍበት ማድረግ ነው። «ዛሬ ሾርባ ጠጡ፣ ትንሽም ሳቁ» ማለት ለሁሉም ይበቃል።

የመለኪያ መሣሪያዎች

የጣት ኦክሲጅን መለኪያ በኮቪድ ጊዜ ከየቤቱ ገባ፤ ከ20 እስከ 50 ዶላር ስለሚሸጥም ቤተሰብ መጀመሪያ የሚገዛው እርሱን ነው። ቀይና ለዓይን የማይታይ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ፣ ደሙ ምን ያህሉን እንደዋጠው በመለካት ይሠራል። ብርሃኑ ታዲያ ደሙ ጋ ከመድረሱ በፊት ቆዳን ያልፋል። በታኅሣሥ 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ያወጡት ጥናት እንዳሳየው፣ መለኪያው ጥሩ ቁጥር እያሳየ የደም ምርመራ ግን ዝቅተኛ ኦክሲጅን ያገኘበት አጋጣሚ፣ በጥቁር ታማሚዎች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በየካቲት 2021 የቆዳ ቀለም፣ የደም ዝውውር ማነስ፣ የቆዳ ቅዝቃዜና የጥፍር ቀለም ንባቡን እንደሚያዛቡ አስጠንቅቋል። ለእኛ ሰው ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም፤ ጣታችን ላይ ያለ ጉዳይ ነው።

ስሕተቱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል። አንድ የካቲት ጠዋት የሳንባ ካንሰር ያለባቸው እናት ጣት ላይ 84 የሚል ቁጥር ወጥቶ ልጃቸው 911 ሊደውል ስልኩን አንሥቶ ነበር። ሴትዮዋ ግን ይናገራሉ፣ ከንፈራቸው አልጠቆረም፣ ትንፋሻቸውም እንደ ወትሮው ነው። እጃቸውን ስይዘው በረዶ ነበር። በጋቢ ጠቅልዬ፣ በሁለት እጄ ጥቂት ደቂቃ አሽቼ፣ የጥፍር ቀለም በሌለበት ጣት ብሰካው 93 አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቁጥሩ 95 እያለ ታማሚው አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ሲያቅተው አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ የሚታመነው ሰውዬው እንጂ መለኪያው አይደለም፤ ይደወላል። ስለዚህ ይህ መሣሪያ የሚጠቅመው በየቀኑ በተመሳሳይ ሁኔታ እየተለካ ከትናንቱ ጋር ሲነጻጸር ነው። አንድን ቁጥር ብቻውን ነጥሎ ማመን ያሳስታል።

የደም ግፊት መለኪያ በክንድ የሚታሰረው በአንጓ ከሚታሰረው የተሻለ ነው። የማሰሪያው ስፋት ከክንዱ ጋር መመጣጠን አለበት፤ የጠበበ ማሰሪያ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አሳርፎ፣ በልብስ ላይ ሳይሆን በቆዳ ላይ ይለካል። የኩላሊት እጥበት መስመር በተሠራበት ክንድ ላይ ፈጽሞ አይታሰርም። ከ40 እስከ 80 ዶላር ድረስ ደህናው ይገኛል።

ልብ ለደከመው ሰው ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ተራ ሚዛን ነው። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በተመሳሳይ ልብስ ይመዘናል፤ በአንድ ቀን ከ2 እስከ 3 ፓውንድ ወይም በሳምንት 5 ፓውንድ ከጨመረ ውሃ እያቆረ ነውና ይደወላል። ቁጥሩ ትልልቅ የሆነና መያዣ ያለው ሚዛን ቢገዛ ዋጋው እምብዛም አይለይም። ኪሞቴራፒ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ቴርሞሜትር የግድ ነው፤ 100.4 ፋራናይት፣ ማለትም 38 ሴልሺየስ ሲደርስ በማንኛውም ሰዓት ለካንሰር ሐኪሙ መስመር ይደወላል፤ ሳይደወል ትኩሳት ማብረጃ መስጠት ምልክቱን መደበቅ ነው።

እነዚህን መለኪያዎች ቤተሰብ ለብቻቸው ገዝቶ በደብተር ቢመዘግብ ይሻላል ወይስ ክሊኒኩ የሚልከውን፣ ቁጥሩን በራሱ የሚያስተላልፈውን የርቀት ክትትል ዕቃ ይቀበል? ሁለተኛውን በሐኪም ሲታዘዝ፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን ሜዲኬር ይሸፍነዋል፤ ታማሚው ድርሻውን ይከፍላል። መልሱ የሚገኘው «ቁጥሩን ቅዳሜና እሑድ የሚያይ አለ?» ብሎ ክሊኒኩን በመጠየቅ ነው። አለ ከተባለ የርቀት ክትትሉ ይመረጣል። የለም ከተባለ በ30 ዶላር ሚዛንና በእርሳስ የሚሠራ ሥራ ነው።

ኦክሲጅን የሚያመርት ማሽን ቤት ውስጥ ካለ አንድ ቃል ልጨምር፦ በዚያ ክፍል ጧፍ፣ ዕጣን፣ የከሰል ምድጃና ሲጋራ አይገቡም፤ ከንፈር ሲደርቅም ቫዝሊን አይቀባም፣ ውሃ ነክ የሆነ ቅባት ይፈለጋል። ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ፤ መዓዛው ይደርሳቸዋል።

የመድኃኒት ማስታወሻ

የሳምንት ክፍልፋይ ያለው ሣጥን ከ10 ዶላር በታች ነው፤ ነርሷ ወይም ልጅ ሞልቶት ረዳቷ «ሰዓቱ ደርሷል» ብላ ታስታውሳለች። ፋርማሲው ክኒኖቹን በየሰዓታቸው በትንንሽ ከረጢት አሽጎ እንዲልክ ማድረግ ደግሞ ብዙ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ከሁሉ የተሻለው መንገድ ይመስለኛል፤ ብዙ ፋርማሲዎች ለማሸጉ ተጨማሪ አይጠይቁም። ተቆልፎ በሰዓቱ ብቻ የሚከፈተውና ካልተወሰደ ለልጅ መልእክት የሚልከው ማሽን በወር ከ30 እስከ 60 ዶላር ሊያስወጣ ይችላል፤ የሚያስፈልገውም ታማሚው ብቻውን ለሚውልና ለሚረሳ፣ ወይም የወሰደውን መድኃኒት ዘንግቶ ደግሞ ለሚወስድ ነው። ረዳት ቀኑን ሙሉ ባለችበት ቤት ይህ ማሽን ጌጥ ነው።

ማሽኑ የማያውቀው ሌላ ነገር ደግሞ ጾም ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምሱ እናት፣ ጠዋት «ከምግብ ጋር» የሚለውን ክኒን ማሽኑ ቢጮኽም በባዶ ሆዳቸው ይውጡታል፣ ወይም በመሐረብ ቋጥረው ያስቀምጡታል፤ ሣጥኑ ግን «ተወስዷል» ብሎ ለልጅ ይልካል። ረመዳን በሚጾሙ ቤቶችም እንዲሁ ነው። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለነርሷ ነግሮ ሰዓቱን ማስተካከል፣ የሚቻል ከሆነም የንስሐ አባት ወይም ኢማም ለታመመ ሰው ያለውን ፈቃድ እንዲያስረዱ መጠየቅ ከየትኛውም ማንቂያ ይበልጣል።

የድረሱልኝ ቁልፍና ካሜራ

አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ቁልፍ ሃያ አራት ሰዓት ሰው የሚያነሣው የጥሪ ማዕከል ካለው፣ የመጀመሪያውን መስፈርት በደንብ ያሟላል። ወርኃዊ ክፍያው ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 50 ዶላር ሲሆን መደበኛው ሜዲኬር አይሸፍነውም። መውደቅን በራሱ የሚያውቀው ዓይነት ሁልጊዜ አያውቅም፤ በዝግታ ከአልጋ የተንሸራተተን ሰው ሊያልፈው ይችላል። አልጋ ላይ ለዋለና ቁልፉን ለመጫን አቅም ለሌለው ታማሚ ከዚህ ይልቅ የሕፃናት ድምፅ ማዳመጫ ይጠቅማል፤ ወጥ ቤት ሆና የምትሰማው ረዳት ካለች ማለቴ ነው።

ካሜራን በተመለከተ ቤተሰብ መብት አለው፤ ረዳቷም ክብር አላት። ቢነገራት፣ የሚታጠቡበትና ልብስ የሚቀየርበት ሥፍራም ቢገለል ሥራው አይበላሽም። በሜሪላንድ ደግሞ ድምፅን ሁሉም ተናጋሪዎች ሳይስማሙ መቅዳት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ ድምፅ የሚቀዳ ካሜራ የሰቀለ ቤተሰብ ሁሉን አስታውቆና አስፈቅዶ ካልሆነ ድምፁን ማጥፋት ይኖርበታል። ዲሲና ቨርጂኒያ የአንዱ ተነጋጋሪ ፈቃድ ይበቃቸዋል። ያም ሆኖ ካሜራ ያሳያል እንጂ አያነሣም፤ ልጅ በሥራ ቦታው ሆኖ እናቱ ስትወድቅ ማየቱ ብቻውን የመሥሪያ ቤቱን ቀን ያበላሻል።

ማስተርጐሚያ

የጐግል ትርጉም አማርኛን ከ2016 ጀምሮ ይዟል፤ «ውሃ ይፈልጋሉ?» «ትራሱን ላስተካክል?» ለማለት ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ይከዳል። «ሆዴን ቆረጠኝ» ያለን ሰው ቢላዋ የነካው ሊያስመስለው ይችላል፤ «ምች መታኝ» የሚለውንማ ምን ብሎ ይተረጉመዋል? በ2021 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት የድንገተኛ ክፍል የመውጫ መመሪያዎችን በዚሁ ማሽን አስተርጉሞ ሲመረምር፣ ስፓኒሽ ላይ 94 በመቶ ትክክል ሲሆን በአርመንኛ 55 በመቶ ብቻ ነበር። አማርኛ በጥናቱ ውስጥ አልነበረም፤ ብዙ ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ከሌላቸው ቋንቋዎች ወገን ስለሆነ ግን ሚዛኑ ወደየት እንደሚያደላ መገመት አያዳግትም።

በሌላ በኩል የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል፣ ክሊኒክ ወይም ሆስፒስ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በዲሲም በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛን ያስተናግዳሉ። ስልኩ እንደተነሣ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ማለት ይበቃል፤ ጥቂት ደቂቃ ያስጠብቃል። ሕመም፣ የመድኃኒት መጠንና «ልቤ ቢቆም ምን ይደረግ» የሚለው ንግግር ከዚህ ውጭ መሆን የለበትም፤ የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅም ተርጓሚ ሆኖ እንዲህ ያለውን ነገር ለአያቱ መንገር የለበትም።

ጠቅላላ ሠንጠረዥ

ዋጋዎቹ ግምታዊ ናቸው።

| አማራጭ | ሲናገር የሚመልሰው | ወጪ | ከረዳቷ የሚወስደው ጊዜ | ዋና ድክመት |
|---|---|---|---|---|
| ደብተርና የማቀዝቀዣ ወረቀት | ተተኪዋ ረዳት፣ ነርስ፣ አምቡላንስ | ከ5 ዶላር በታች | ጥቂት ደቂቃ | ከቤት ውጭ አይነበብም |
| ኢ.ቪ.ቪ | የኤጀንሲው ሒሳብ ክፍል | ለረዳቷ የለም | በጣም ጥቂት፣ ሲሳሳት ብዙ | ለሕክምና አይጠቅምም |
| የኤጀንሲው መልእክት | ነርስ፣ በሥራ ሰዓት | የለም | ጥቂት | ለአስቸኳይ አይሆንም |
| የቤተሰብ ቡድን | ዘመድ ሁሉ | የለም | ካልተገደበ ብዙ | ምስጢር ይወጣል |
| ኦክሲጅን መለኪያ | ቤት ያለው ሰው ብቻ | ከ20 እስከ 50 ዶላር | ጥቂት ደቂቃ | በጥቁር ቆዳና በቀዝቃዛ ጣት ያሳስታል |
| ሚዛን | በወረቀት የተወሰነ ሰው | ከ20 እስከ 50 ዶላር | ሁለት ደቂቃ | መቆም ለማይችል አይሆንም |
| የርቀት ክትትል | የክሊኒኩ ነርስ፣ ሰዓቱ ይጠየቅ | በመድን፣ ከድርሻ ክፍያ ጋር | ጥቂት | የሌሊትና የዕረፍት ቀን ክፍተት |
| ተቆላፊ የመድኃኒት ማሽን | ልጅ በስልክ | በወር ከ30 እስከ 60 ዶላር | ሲሞላ ብቻ | መዋጡን አያውቅም |
| የድረሱልኝ ቁልፍ | የጥሪ ማዕከል፣ 24 ሰዓት | በወር ከ25 እስከ 50 ዶላር | የለም | ለመጫን አቅም ይጠይቃል |
| የስልክ አስተርጓሚ | ሐኪምና ነርስ | ለታማሚው ነፃ | መጠበቅ | መጠየቅን ይፈልጋል |

ለማን የትኛው?

ኪሱ ለጠበበ ቤተሰብ ደብተር፣ የሳምንት የመድኃኒት ሣጥንና ቴርሞሜትር ከ30 ዶላር ባልበለጠ ይሟላሉ፤ በዚህ ላይ ነርሷ የጻፈችው «ይህ ሲሆን ይህን ቁጥር ደውሉ» የሚል ወረቀት ሲታከል ከብዙ ውድ ቤቶች የተሻለ ክትትል ይኖራል። ልብ ለደከመው ሰው ሚዛንና የክንድ ግፊት መለኪያ ይጨመሩ፤ የሳንባ ሕመም ላለበት ደግሞ ኦክሲጅን መለኪያ፣ ቁጥሩ ስንት ሲወርድ ለማን እንደሚደወል ሐኪሙ ከጻፈ ብቻ። ብቻውን ለሚውልና ለሚራመድ ታማሚ ወርኃዊ በጀቱ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ከካሜራውና ከመድኃኒት ማሽኑ በፊት የድረሱልኝ ቁልፉ ይቅደም።

ሆስፒስ የገባ ሰው ዘንድ ነገሩ ይገለበጣል። ሜዲኬር በሚከፍለው ሆስፒስ አልጋው፣ ኦክሲጅኑና ከሕመሙ ጋር የተያያዘው መድኃኒት ስለሚሸፈኑ ምንም ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው፤ በስልክ የምትገኝ ነርስም ሃያ አራት ሰዓት መኖር አለባት፤ ከ911 በፊት የሚደወለው ለእርሷ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ የኦክሲጅን መለኪያውን ከጣት ላይ አውልቆ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ትክክለኛው የቴክኖሎጂ ውሳኔ ነው። ቁጥሩ መውረዱ አይቀርም፤ ቤተሰቡም ፊታቸውን ትቶ ቁጥሩን ያያል። የሚታየው የግንባር መኮሳተር፣ የእጅ መቁነጥነጥ፣ ሲገላበጡ የሚሰማ ማቃሰት ነው፤ ይህን አይቶ ለነርሷ «ሕመም ላይ ያሉ ይመስለኛል» ብሎ መደወል የረዳቷ ሥራ ነው።

ልጆቹ በከፊል አዲስ አበባ ላሉ ቤተሰብ ደግሞ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ የታወቀ የስልክ ሰዓት ይበቃል። ዲሲ ከአዲስ አበባ በአሜሪካ በጋ 7፣ በአሜሪካ ክረምት 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ እዚህ በአሜሪካ አቆጣጠር ከጠዋቱ 11 ሰዓት ሲል እዚያ በአገር ቤቱ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ወይም 1 ሰዓት ይሆናል፤ ሁሉም ከሥራ ገብቷል፣ ታማሚውም ታጥቦና ቁርሱን በልቶ ድምፁ የሚሰማበት ጊዜ ነው። በቪዲዮ አሥር ደቂቃ ከተነጋገሩ በኋላ ስልኩ እንዲዘጋ፣ በቀረው ቀን ደግሞ ረዳቷን በየሰዓቱ «እንዴት ናቸው?» እንዳይሏት ከመጀመሪያው ሳምንት መስማማት ይበጃል።